የሃርግሪቭ ቴስታታ

ኢንስፔክተር ኖማላንጋ ማሱኩ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው የሞተ ይመስላታል። አርብ ጠዋት የቢሮዋ ስልክ ሲጮህም ቀድሞ ሐሳቧ ውስጥ የገባው ግዋንዳ አዳሪ ትምህርት ቤት ያለው ልጇ ነበር፤ አውቶቡስ ተገልብጦ፣ ወይ ወንዝ ወስዶት። ወንዙ ከሰኔ ጀምሮ ደረቅ መሆኑን ብታውቅም።

"ማማሱኩ፣ እኔ ነኝ፣ ጉቱ" አለ ሳጅኑ። "ሂልሳይድ ነው ያለሁት። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ትናንት አመሻሽ ላይ ጋራዡ ደጃፍ ወድቆ ተገኝቷል። ግንባሩ ተተርትሯል። ሆስፒታል ነው፤ ነፍሱ አለች።"

"ዘረፋ ነው?"

"ነው እንጂ። ግን ገንዘብ አልተነካ፣ ሬዲዮ አልተነካ። የተወሰደው ከአሮጌ መኪና ሞተር ላይ የተፈታ አንድ ብረት ነው። ደግሞ አያስቡ፣ ሌባውን ይዤዋለሁ።"

ያሳሰባት ይኼ የመጨረሻው ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ሥራዋ ከቁርስ በፊት የተያዘ ሌባ ሌባ ሆኖ ያገኘችው ከስንት አንዴ ነው።

የጥቅምት ሙቀት ገና በጠዋቱ አስፋልቱን አልስልሶታል። ቡላዋዮ ዳር፣ ሂልሳይድ ሠፈር ስትደርስ ጃካራንዳው መንገዱን ሐምራዊ አድርጎት ነበር። ጋራዡ ከቤቱ ጀርባ ነው። ገና በሩን እንዳለፈች ሽታው ያዛት፤ ነጭ ጋዝ፣ ግራሶ፣ የቆዳ ወንበር፣ የተሞረደ ብረት። አባቷ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ይሸት የነበረው እንዲህ ነው።

መኪናዋ መሐል ላይ ቆማለች። ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ እንደ ዓሣ የሾለች የእንግሊዝ አገር ስፖርት መኪና ናት። ጥቁር አረንጓዴ ቀለሟ ፊት ያሳያል። ኮፈኗ ተከፍቷል።

"ዶሮ ሲያድርባት ነው የገዛት" አለች ፊሊፓ፣ የሽማግሌው ሴት ልጅ። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። "ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ሠራት። ላሜራውን ቀጠቀጠ፣ ወንበሩን ሰፋ፣ ሞተሩን እንደገና ወለደው። እኔን እናቴ ወደ ፐርዝ ስትወስደኝ አራት ዓመቴ ነበር። እሱ ያሳደገው ይህችን ነው።"

"አሁን ምን አመጣሽ?"

"ልወስደው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብቻውን ነው። ቤቱን ሸጥን። መኪናዋን ደግሞ ሰኞ ከጆሃንስበርግ የሚመጣ ሰብሳቢ ይገዛታል። እሱ የሚፈልጋት በቴስታታዋ ነው።"

ቴስታታው የሞተሩ ራስ ነው፤ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድን ትልቅ ብረት። አገሪቱ በማዕቀብ ተዘግታ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን የመኪናዋ ቴስታታ ተሰነጠቀ። ሃርግሪቭ ያኔ የባቡር ፋብሪካው ባለሙያ ነበርና በራሱ ንድፍ ሌላ፣ የተሻለ፣ በአሉሚንየም አስቀልጦ አወጣ። ከዓለም አንድ ነው። ዳገት በመውጣት ውድድር ሁለት ዋንጫ ያስገኘለትም እሱ ነው።

"ትናንት የት ነበርሽ?"

"የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ፣ ከዚያ ጠበቃ ጋር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስመለስ እዚህ ደጃፍ ወድቆ አገኘሁት። ጋራዡ ተቆልፎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ነው የጎደለውን ያየሁት።"

"ቁልፉ ያልተሰበረ ከሆነ..."

"አንዱ ቁልፍ አባቴ ኪስ ነው" አለች ፊሊፓ። "ሌላው ካይራ ጋ ነው።"

ሳጅን ጉቱ ማስታወሻውን ገለጠ። "ዊስተን ካይራ። አትክልተኛም ዘበኛም ነው። ስልሳ አንድ ዓመቱ። ሽማግሌው ራሱ ነው የመሰከረበት። መናገር አቅቶታል፤ አንድ ቃል ብቻ ነው ከአፉ የሚወጣው። ቴስታታውን ስትጠይቀው 'ካይራ' አላት። ሦስት ጊዜ።"

ማሱኩ ወደ ሞተሩ አጎነበሰች። ቴስታታውን አስሮ የነበረው አሥራ አንዱ ዳዶ ካርቶን ላይ በየቀዳዳው ተሰክቷል፤ የካርቶኑ ቀዳዳ አሰላለፍ ራሱ የቴስታታው ቅርጽ ነው። አራቱ የሲሊንደር አፎች በዘይት የራሰ ጨርቅ ተወትፈዋል። አንድ ነገር ትዝ ሊላት ፈልጎ አልመጣላት አለ።

"አቧራ እንዳይገባ አስቦ የሚሰርቅ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?" አለችው።

"የተማረ ሌባ ይሆናል" አለ ጉቱ።

*

ካይራ ከእስር ቤቱ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ስኳር አለበት፤ መድኃኒቱ ቤት ቀርቷል። ማሱኩ ሰው ልካ አስመጣችለት፤ እስኪመጣ ግን እጇ ላይ የሚሞት እየመሰላት ሦስት ጊዜ ከንፈሩን አየችው።

"ባባ ካይራ፣ ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ?"

"ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፣ ማኮኮባ።"

"ምን ተሰበከ?"

አመነታ። "ስለ ኃጢአት።"

"ስለ ኃጢአት የማይሰበክበት ቀን አለ እንዴ?"

ውሸቱን እንደ ልጅ ነው የሚዋሸው። ቆይቶ ዓይኑን አነሳ።

"ሳጅኑ 'ራሱ ስምህን ጠርቶሃል' አለኝ። እውነት ነው?"

"እንደዚያ ነው የሰማነው።"

"ሠላሳ ዓመት" አለ ካይራ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወረቀቱን አየች። አባቱ ከማላዊ ለማዕድን ሥራ መጥቶ የቀረ ነው። ካይራ የተወለደው እዚሁ፣ ቡላዋዮ ነው፤ መታወቂያው ላይ ግን "የውጭ አገር ሰው" የሚል ተመትቷል። ሰኞ ጠዋት ክስ ከተመሠረተበት ዘረፋና ድብደባ ነው። ቢፈረድበት ከእስሩ በኋላ አይቶት ወደማያውቀው አገር ይባረራል። ሽማግሌው ከሞተ ደግሞ ግድያ ነው፤ ግድያ ገመድ አለበት። ማሱኩ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አየችው፤ ሰውዬው ተሰቅሎ፣ ተቀብሮ፣ ሣር በቅሎበት።

*

"ስትሮክ ነው" አለ ሐኪሙ። "ግንባሩ ከመውደቁ በፊት ተመትቶ ይሁን ሲወድቅ ተጋጭቶ ልነግርሽ አልችልም።"

ሃርግሪቭ ትራስ ላይ ተደግፏል። የፊቱ ግማሽ ወደ ታች ተንሸራቷል፤ ሰማያዊ ዓይኑ ግን ሰው ይፈልጋል።

"ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ፖሊስ ነኝ። ቴስታታውን ማን ወሰደው?"

ከንፈሩ ታገለ። ምላሱ ከበደው። "ካ... ኤ... ራ።" ግራ እጁ ብርድ ልብሱን መታ። "ካኤራ።"

ሰው እንዲሰማ የተነገረውን ነው የሚሰማው። ማሱኩም ካይራ ሲል ሰማች።

*

ቅዳሜ ማኮኮባ ሄደች። ሐሙስ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ በር እንዳልተከፈተ ጠባቂው ነገራት። ጎረቤት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ደግሞ ሳትጠየቅ ጨመረች፤ "ያ የማላዊው ሰውዬ? ሐሙስ በዚህ አልፏል። ከባድ ጆንያ ተሸክሞ። ወደ ድስት ሠሪዎቹ።"

ማሱኩ መኪናዋን ወደዚያው አዞረች። ምዚሊካዚ ገበያ ዳር ያሉት ድስት ሠሪዎች አሮጌ አሉሚንየም ይገዛሉ፤ አቅልጠው በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ያፈሳሉ፤ ማታ የገባ ብረት ጠዋት ድስት ሆኖ ይወጣል። ከዓለም አንድ የሆነው ቴስታታ በዚች ሰዓት የአንዲት ሴት ገንፎ እየተገነፋበት ይሆናል። ያኔ ካይራን ማንም አያድነውም።

"እናቴ፣ ትልቁን ነው ትንሹን?" አላት ሉንጊሳኒ የሚባለው ድስት ሠሪ፣ ገዢ መስላው።

መታወቂያዋን አሳየችው።

"እንግዲያው ትልቁን ነዋ። ፖሊስ ቤተሰቡ ብዙ ነው።"

"ሐሙስ አንድ ሽማግሌ አሉሚንየም አምጥቶልሃል?"

"ካይራ? አዎ። በየወሩ ይመጣል። የቢራ ጣሳ፣ የመስኮት ፍሬም፣ አንድ የሣር ማጨጃ ሞተር። ሰውዬው የጣለውን ነው የሚለቅመው። 'የጌታዬ ቆሻሻ ነው፣ ሌባ እንዳትለኝ' ይላል ሁልጊዜ፤ እኔ ምን አልኩት?"

"ሞተሩን አሳየኝ።"

ግማሹ ገና አልቀለጠም። ከመዳፍ የማይበልጥ፣ እንደ ዓሣ ክንፍ የተሸነተረ ቁራጭ ነው። የማጨጃ ነው። ማሱኩ እዚያው የተገለበጠ ድስት ላይ ተቀመጠችና ተነፈሰች።

"ያ የተቀመጡበት የተሸጠ ነው" አለ ሉንጊሳኒ።

ተነሳች። "የመኪና ቴስታታ እዚህ አካባቢ መጥቶ ቢሆን ትሰማ ነበር?"

"የቱ? የሃርግሪቭ? እሱንማ የሚያቀልጥ እጁ ይቆረጣል።"

"እንዴት አወቅከው?"

"እዚህ ያለነው ሁሉ ሙያውን የተማርነው ከባባ ቩንድላ ነው፤ ከባቡር ፋብሪካው አቅላጭ። የአሸዋው ቅርጽ በተበላሸብን ቁጥር የዚያን ቴስታታ ወሬ ያመጣብናል። 'እኔ እንዲያ ያለ ቅርጽ አውጥቼ እናንተ ድስት ይበሳባችኋል' እያለ።"

ማሱኩ ስሙን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ያኔ ግን ሐሳቧ ካይራ ላይ ነበር። ለምን እንደዋሸ አሁን ገብቷታል፤ ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው የተጣለ ጣሳም ቢሆን ያንተ ነው ወይ ቢሉት ይፈራል። ቢሆንም ይህ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም ያሰኛል እንጂ ጋራዥ አልገባም አያሰኝም። ቁልፉ አሁንም እሱ ጋ ነው። ቃሉም አሁንም ስሙ ነው።

*

እሑድ ጠዋት ጋራዡን ለብቻዋ ከፈተችው። ጉቱን በር ላይ አቆመችው፤ ዝምታ ፈልጋለች።

የመጀመሪያውን ጨርቅ ነካች። ጫፉ ወደ ውጪ ወጥቶ ቋጠሮ ተቋጥሮበታል። ያኔ ያ ያልመጣላት ነገር መጣ።

የእናቷ ወጥ ቤት። የነጭ ጋዝ ጠርሙስ። አባቷ ጠርሙሱን ሲወትፍ የጨርቁን ጫፍ አስቀርቶ ይቋጥረዋል። "ጭራ የሌለው ውታፍ ሰው ይገድላል" ይል ነበር። እሱ በሚሠራበት የባቡር ፋብሪካ አንዱ ጨርቅ ቱቦ ውስጥ ረስቶ የእንፋሎት ቦይለር ፈንድቷል፤ ከዚያ ወዲህ የወተፈ ሁሉ ጭራ ያስቀራል፤ ጭራውንም ሁሉም በራሱ አቋጣጠር ይቋጥራል፣ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ። የእሱ ድርብ ነበር። እሷና ወንድሟ የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን እንኳ በአባታቸው ቋጠሮ ነበር የሚያስሩት።

አራቱን ጨርቆች አንድ በአንድ አየች። ሁለቱ ነጠላ ቋጠሮ አላቸው። ሁለቱ ግን ጭራቸው እንደ ገመድ ተጠምዝዞ በራሱ ውስጥ አልፏል።

መደርደሪያው ላይ የተቀመጡትን ካርቡራተሮች አነሳች። የሃርግሪቭ የራሱ ሥራ ናቸው፤ አቧራ ጠጥተዋል። አፋቸው ተወትፏል። ነጠላ ቋጠሮ።

"ጉቱ!"

ሳጅኑ ሮጦ ገባ።

"እነዚህን ሁለቱን ሽማግሌው ራሱ ነው የወተፈው። እነዚህን ሁለቱን ሌላ ሰው። ቴስታታውን የፈቱት ሁለት ሆነው ነው፤ አብረው፣ ሳይቸኩሉ። ሁለቱም የባቡር ፋብሪካ ሰዎች ናቸው።"

"ታዲያ ማን ሰረቀ?"

"ማንም።"

"ማማሱኩ፣ ሰውዬው ግን ካይራ ብሏል። እርስዎም ሰምተዋል።"

እውነቱን ነው። ቃሉን ለራሷ ደገመችው፤ ምላስ እንደከበደው ሰው፣ ቀስ ብላ። ካኤራ። ካዬራ። ካ ዬ...

አባቷ ሁለት ቋንቋ ነበረው። አንዱ የቤት ነው፤ ሌላው ቺላፓላፓ፣ ከፈረንጅ አለቆች ጋር በፋብሪካው የሚነጋገሩበት፣ ለማዘዝና ለመታዘዝ ብቻ የተሠራ፣ ከየአገሩ ቃል የተለቃቀመ ቋንቋ። ደስ ያለው ቀን አለቆቹን እየመሰለ ያስቃቸው ነበር። ማንኪያ ያነሳና "ካ ሚና"፣ የእኔ። ወደ ልጆቹ ይጠቁምና "ካ ዌና"፣ የአንተ። ወደ ድመቱ፣ "ካ ዬና"፣ የእሱ። እናቷ ትቆጣለች፤ "የዚያ የፋብሪካ ቋንቋ ቤቴ አይገባም።" ነፃነት ሲመጣ ቋንቋው አፈረና ሞተ። ማሱኩ ከአባቷ ቀብር ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

"ካ ዬና" አለች ጮክ ብላ።

"ምንድን ነው?" አለ ጉቱ። እሱ ከሩቅ፣ ከማስቪንጎ የመጣ ነው፤ አባቱ አስተማሪ እንጂ የፋብሪካ ሰው አልነበረም።

"የሰው ስም አይደለም። 'የእሱ ነው' እያለ ነው። ሕመሙ ያስቀረለት የፋብሪካውን ቋንቋ ነው።"

"የማን?"

ማስታወሻዋን ገለጠች። ቩንድላ የሚለውን ስም በራሷ እጅ ጽፋው ነበር።

*

የባባ ቩንድላ ቤት ምዚሊካዚ፣ ሁለት ክፍል ነው። የልጅ ልጁ በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ አሳለፈቻቸው። ሳሎኑ ውስጥ ጎን ለጎን የሠርግ ፎቶዎች፣ የጡረታ ሰዓት፣ የተሰበረ ሬዲዮ አሉ። መሐላቸው፣ በዳንቴል ላይ፣ ቴስታታው ተቀምጧል። ያብረቀርቃል።

ማሱኩ ቀድማ ዳሰሰችው። ድስት አለመሆኑን በእጇ ማረጋገጥ ነበረባት።

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አለ ሽማግሌው። ሰማንያ ሊሞላ አንድ ዓመት ቀርቶታል። "እሱን ለማየት ከሆነ የመጣሽው ሰልፉ ረጅም ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ የሠፈሩ ሰው ሁሉ እየመጣ ይነካዋል።"

"ባባ፣ እንዴት እጅዎ ገባ?"

"ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ጋ ስልክ ደውሎ አስጠራኝ። 'መኪናዋ ሰኞ ትሄዳለች' አለኝ። ሄድኩ። እስከ አሥር ሰዓት ስንፈታ ዋልን። እሱ ሁለት ዳዶ ፈትቶ ያርፋል፣ እኔ ሦስት ፈትቼ አርፋለሁ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው አንሞላም። ከዚያ 'ውሰደው' አለኝ።"

"ዝም ብሎ?"

"አርባ ዓመት 'ያንን አቀብለኝ' ሲለኝ የኖረ ሰው 'ውሰደው' ሲለኝ ምን ልበለው? ጆንያ ነው የጠየቅኩት።"

ጣቱን ብረቱ ጎን ላይ አሳረፈ። እዚያ 417 የሚል ቁጥር ተመትቷል።

"የእሱ ቁጥር ነው። ሥራ ሲያልቅ የሠራው ሰው ቁጥሩን ይመታል። እኔ ግን ረዳት ነኝ፤ ያኔ ለእኛ ለጥቁሮች ከረዳትነት በላይ አልነበረም፤ ረዳት ቁጥር የለውም። አሸዋውን ያሸሁት እኔ። ቅርጹን ያወጣሁት እኔ። ያፈሰስኩት እኔ፤ ሁለቴ ተበላሽቶብኝ በሦስተኛው ወጣ። እሱ ንድፉን ሣለ፣ ቁጥሩን መታ። ያሸነፈ ቀን እኔ ከአጥሩ ውጪ ዛፍ ላይ ነበርኩ።"

"ዛፍ ላይ?" አለ ጉቱ።

"ሌላ መቀመጫ ለእኛ አልነበረም። ግን ከዛፍ ጥሩ ይታያል።"

"አልተናደዱም?" አለች ማሱኩ።

"ያኔ? ያኔ ሁሉ ነገር እንደዚያ ነበር። የተናደድኩት በኋላ ነው፤ ጡረታ ወጥቼ ጊዜ ሳገኝ።" ትንሽ አሰበ። "እሱም ጊዜ ያገኘው በኋላ ነው መሰለኝ።"

ስሟን ጠየቃት። ስትነግረው ፊቱ በራ። "የቦይለሩ ማሱኩ ልጅ? ረጅሙ? አባትሽ እኮ አለቆቹን እየመሰለ ሲያወራ አለቃው ራሱ ይስቅ ነበር፤ ማንን እንደሚመስል ሳያውቅ።"

ማሱኩ የመጣችበትን ነገረችው፤ ሃርግሪቭ ሐሙስ አመሻሽ መውደቁን፣ አፉ መያዙን፣ በዚህም ምክንያት ሰው መታሰሩን።

"በሩ ድረስ ሸኝቶኛል" አለ ቩንድላ። "እጁን አውለብልቦልኛል። ስዞር ቆሞ ነበር።" ከዚያ ዱላውን ፈለገ። "የታሰረው ማነው?"

"ካይራ።"

"ካይራን? በምን?"

"በአንድ ቃል" አለች ማሱኩ። "ይነሡ፣ ባባ። መኪና አለ።"

በመንገድ ላይ ሁሉ ሽማግሌው እስኪደርሱ የሚሞት መሰላት። የቱ ሽማግሌ እንደሆነ ለራሷም አልለየላትም፤ ሁለቱም መሰሏት።

*

ፊሊፓ ከአልጋው አጠገብ ነበረች። ቩንድላ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጎንበስ አለ።

"ሚና ላፓ" አለው። እዚህ ነኝ።

የሃርግሪቭ ዓይን ቆመ። ግራ እጁ ከብርድ ልብሱ ወጣ። ጣቱ ወደ ቩንድላ ተዘረጋ፤ ዓይኑ ግን ፊሊፓ ላይ ነው።

"ካ... ዬ... ና።"

"አባቴ ምን እያለ ነው?" አለች ፊሊፓ።

"'የእሱ ነው' እያለሽ ነው" አለች ማሱኩ። "አርብ ጠዋት ምን ብለሽ ነበር የጠየቅሽው? ቃል በቃል ንገሪኝ።"

ፊሊፓ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "'ቴስታታው የት ሄደ?' አልኩት። ማን ወሰደው አላልኩም። ማን የሚለውን ሳጅኑ ነው..."

ጉቱ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ማየት ጀመረ።

"እሱም መለሰልሽ" አለች ማሱኩ። "ወደ ባለቤቱ፣ በእጁ ወዳፈሰሰው ሰው ሄደ አለሽ። ሦስት ጊዜ።"

ፊሊፓ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቷ አሁን ዓይኑን ጨፍኗል፤ እጁ ግን የቩንድላን እጅጌ እንደያዘ ነው።

"ነገ ሰውዬው ከጆሃንስበርግ ይመጣል" አለች በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን።

ማሱኩ ለቩንድላ ተረጎመችለት።

"ይምጣ" አለ ቩንድላ። "ሻይ ጠጥቶ ይሂድ።"

*

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእስር ቤቱ በር ተከፈተ። ጉቱ የካይራን ቀበቶና የጫማ ማሰሪያ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፤ አንገቱን ደፍቶ።

ማሱኩ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ምንም አላስቀረችም፤ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ ያለውን ውሸት ብቻ አላነሳችም። ካይራ ማሰሪያውን እያሰረ አዳመጣት። ቃሉ ጋ ስትደርስ እጁ ቆመ።

"ምን አለ አልሽኝ?"

"ካ ዬና።"

"ካ ዬና" አለ ካይራ። ቀስ ብሎ ቀና አለ። "እኔና እሱ እኮ ሠላሳ ዓመት የምናወራው በዚያ ቋንቋ ነው። ሌላ የጋራ ቋንቋ የለንም። እንግሊዝኛ አላውቅ፣ እሱ የእኔን አያውቅ። ጉቱ መጥቶ 'ስምህን ጠራ' አለኝ። ቃሉን ግን አልነገረኝም። አንቺም አልነገርሽኝም።"

ማሱኩ ማስታወሻዋን ዘጋች።

"ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር" አለ። በቁጣ አልነበረም፤ እንደሚገርመው ሰው ነበር። "አርብ ጠዋት እዚያው ጓሮ ቆሜ እነግራችሁ ነበር።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ባባ። ምን ላድርግልዎ? ቤትዎ ላድርስዎት?"

"ቤት ምን አለ? ወደ እሱ ውሰጂኝ።"

"ዛሬ ቢያርፉ አይሻልም? ስኳርዎ..."

"ልጄ፣ ሰውዬው ሦስት ቀን አንዲት ቃል ይዞ ተቀምጧል" አለ ካይራ፣ በሩን ራሱ እየከፈተ። "የሚመልስለት ሰው ይፈልጋል።"